ንስሐ ከፍርድ ቤት አያስቀርም

የሜሪላንድ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 ይፋ ያደረገው የምርመራ ዘገባ በባልቲሞር የካቶሊክ ሀገረ ስብከት ሥር ያገለገሉ 156 ሰዎች ከ600 በላይ ሕፃናትና ወጣቶች ላይ በደል እንዳደረሱ ዘርዝሯል። በዚያው ዓመት የግዛቲቱ ምክር ቤት በሕፃንነታቸው ወሲባዊ ጥቃት የደረሰባቸው ሰዎች የካሳ ክስ እንዳያቀርቡ የሚያግደውን ይርጋ ፈጽሞ አነሣ። ሕጉ የሚጸናው ከኦክቶበር 1 ቀን ጀምሮ ነበር፤ ሀገረ ስብከቱ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ በኪሳራ ሕግ ጥበቃ እንዲደረግለት ለፌዴራሉ ፍርድ ቤት አመለከተ።

በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢዋ የሚኖረው አማርኛ ተናጋሪ ይህን ዜና የሰማው በአብዛኛው እንደ ሌላ ቤተ እምነት ጉዳይ ነው። ሕጉ ግን የአንድን ቤተ እምነት ስም አይጠራም። በሜሪላንድ ምድር የተመዘገበ ማንኛውም ቤተ ክርስቲያን፣ የሚቀደስበትም ሆነ የሚሰበክበት ቋንቋ ምንም ይሁን ምን፣ በዚህ ሕግ ሥር ነው። ስለዚህ በስደት ያሉ የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት፣ ኦርቶዶክሱም ወንጌላዊውም፣ ጥያቄው በራቸውን እስኪያንኳኳ መጠበቅ አይገባቸውም። የሕግ አውጪዎች ረዳቶችም ስለ አዲስ መጤ ማኅበረሰቦች ሲያስቡ ይህን ዘርፍ ሊዘነጉት አይገባም።

በእኛ ማኅበረሰብ በደል ሲገለጥ መጀመሪያ የሚጠራው ፖሊስ ሳይሆን ሽማግሌ ነው። ሽማግሌ በጋብቻ ጠብ፣ በገንዘብ ክርክር፣ በደም እንኳ ሳይቀር ትልቅ ሥራ የሠራ የተከበረ ሥርዓት ነው። ነገር ግን በዳዩ ካህን ወይም መጋቢ፣ ተበዳዩ ደግሞ ልጅ በሆነበት ጊዜ ሽምግልናው የሚታረቁትን ሰዎች ይሳሳታል። አባት ከካህኑ ጋር ይታረቃል፤ ልጁ ግን በክፍሉ ውስጥ የለም። «ይቅር ለእግዚአብሔር» የሚለው ቃል ሲነገር «አልልም» ማለት እግዚአብሔርን እንደ መቃወም ይቈጠራልና ቤተሰቡ ይቅር ይላል፤ ከዚያ በኋላ ነገሩን ማንሣት የተበዳዩ ኃጢአት ይሆናል። የቤተ ክርስቲያን ገበና እንዲሸፈን ሲባል የሸክሙ ዕዳ ከበዳዩ ትከሻ ወርዶ በተበዳዩ ትከሻ ላይ የሚጫነው በዚህ መንገድ ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ልማድ አይደለም። የፔንሲልቬኒያ ግራንድ ጁሪ በኦገስት 2018 በወጣው ዘገባው በስድስት አህጉረ ስብከት ከ300 በላይ ካህናትና ማንነታቸው የታወቀ ከ1,000 በላይ ሕፃናት ተጠቂዎች እንዳገኘ ሲገልጽ፣ ከመዛግብቱ መካከል አንድ ጳጳስ የጻፉት የማጽናኛ ደብዳቤ ተገኝቶ ነበር። ጳጳሱ በዘመኑ አስቸጋሪነት ማዘናቸውን የገለጹት ለበዳዩ ካህን ነው፤ ካህኑ ያስጸነሳትና ፅንሱን እንድታስወርድ የረዳት ልጅ ደብዳቤ አልደረሳትም። በዚያ ደብዳቤ ውስጥ ርኅራኄ አለ፤ እንዲያውም ሞልቶ ፈስሷል። የጎደለው የርኅራኄው አቅጣጫ ነው።

ይቅርታን እንደ መከላከያ የሚያቀርቡ ወገኖች ብዙውን ጊዜ ትውፊትን ይጠቅሳሉ። ስለዚህ ትውፊቱ ራሱ ምን እንደሚል ማየት ይገባል። የሐዋርያት ቀኖና በመባል በሚታወቀው ጥንታዊ ስብስብ 25ኛው አንቀጽ በዝሙት፣ በሐሰት መሐላ ወይም በስርቆት የተገኘ ጳጳስ፣ ቄስ ወይም ዲያቆን ከክህነቱ ይሻር፣ ከቅዱስ ቁርባን ግን አይለይ የሚል ሐሳብ ይዟል፤ ምክንያቱም ሰው ስለ አንድ ጥፋት ሁለት ጊዜ አይቀጣም። ቅዱስ ባስልዮስም በቀኖናዎቹ ይህንኑ መንገድ ተከትሏል። ይህን ያወጡ አባቶች ጨካኞች አልነበሩም። የወደቀውን ካህን እንደ ምእመን ተቀብለው ወደ ንስሐ ጠርተውታል። ይሁንና ምእመንነቱን ሲመልሱለት መስቀሉን አልመለሱለትም። ኃጢአቱ ተሠርዮለታል ማለት ሥልጣኑ ይመለስለታል ማለት እንዳልሆነ ዛሬ ማንም የሕግ አማካሪ ሳያስተምራቸው ያውቁ ነበር። ዛሬ «ንስሐ ገብቷልና ወደ አገልግሎቱ ይመለስ» የሚለው አባባል በአዲስነቱ እንጂ በጥንታዊነቱ አይታወቅም።

ወንጌሉም ቢሆን ንስሐን ያለ ካሳ አያውቀውም። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለ ዕለት ያታለላቸውን ሰዎች አራት እጥፍ እንደሚመልስ ቃል ገባ፤ ከፍሎ ሳይጨርስ ይቅር በሉኝ ብሎ ለተበዳዮቹ ሽማግሌ አልላከም። ካቶሊካዊቷ ቤተ ክርስቲያን በበኩሏ፣ ካህን አብራው በዝሙት የወደቀችውን ሰው ራሱ ቢያናዝዝ ፍትሐቱ ዋጋ እንደሌለው በሕገ ቀኖናዋ ደንግጋለች። በደል የፈጸመው ሰው የይቅርታው ባለሥልጣን መሆን እንደማይችል ሁለቱም ትውፊቶች ይስማማሉ።

የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ደግሞ ዝምታ ድንበር ተሻግሮ የት እንደሚደርስ ያሳያል። ጆን ስማይዝ ካህን አልነበረም፤ ጠበቃና በቤተ ክርስቲያን የማንበብ ፈቃድ ያለው ምእመን ነበር። በክርስቲያን የወጣቶች የበጋ ካምፖች ያገኛቸውን ልጆች በመንፈሳዊ ተግሣጽ ስም እስኪደሙ ይገርፋቸው ነበር። በ1982 አንድ የውስጥ ዘገባ ተጽፎ በጥቂት ሰዎች እጅ ዞረ፤ ለፖሊስ ግን አልተላከም። ካወቁት አንዱ በኋላ እንዳስረዱት ነገሩ ቢወጣ የእግዚአብሔር ሥራ ክፉኛ ይጎዳል ብለው ፈርተው ነበር። ሰውየው በ1984 ወደ ዚምባብዌ ሄደ፤ በዚያም ካምፕ ከፍቶ የአፍሪካ ልጆችን ገረፈ። በኋላ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሻግሮ በ2018 ለፍርድ ሳይቀርብ ሞተ። በኖቬምበር 2024 የወጣው የማኪን ዘገባ ከ100 በላይ ተጠቂዎችን ቆጠረ፤ የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ጀስቲን ዌልቢም በ2013 ነገሩ ሲነገራቸው እስከ መጨረሻው ባለመከታተላቸው ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ለንደን ላይ የተሸፈነውን ገበና ሐራሬ ላይ የከፈሉት ሌሎች ልጆች እንደሆኑ ልብ ይሏል።

ይህ መዘዋወር ለእኛ ማኅበረሰብ ሩቅ ነገር አይደለም። በአሜሪካ ያሉ የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት ከፊሎቹ በሲኖዶስ ሥር፣ ከፊሎቹ በገለልተኝነት፣ ብዙዎቹም በአንድ ግዛት ሕግ በትርፍ አልባ ድርጅትነት ተመዝግበው የሚኖሩ ናቸው። ሁለቱ ሲኖዶሶች በ2018 በዋሽንግተን ቢታረቁም የአገልጋዮች የጋራ መዝገብ አልተፈጠረም። ከአንድ ከተማ በጸጥታ የተሰናበተ ሰው በሌላ ከተማ በዕልልታ ሊቀበሉት ይችላሉ። ወንጌላውያኑ ዘንድም እያንዳንዱ ማኅበር ራሱን ያስተዳድራል። የደቡብ ባፕቲስት ኅብረት መሪዎች የአጥፊዎች መዝገብ እንዲዘጋጅ ሲጠየቁ ለዓመታት የሰጡት ምላሽ ይኸው የአጥቢያዎች ነፃነት ነበር። በሜይ 2022 የወጣው ገለልተኛ የምርመራ ዘገባ ግን በዋና ጽሕፈት ቤታቸው በምስጢር የተያዘ የ703 ተጠርጣሪዎች ዝርዝር እንደነበረ አረጋገጠ። መዝገቡ የተያዘው ለምእመናኑ ጥበቃ ሳይሆን ለጠበቆች ጥንቃቄ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ኑዛዜ ምስጢር የሚነሣው ክርክር በቀጥታ መታየት አለበት። የዋሽንግተን ግዛት በሜይ 2025 ካህናትን በሕፃናት ላይ የሚደርስ በደልን የማሳወቅ ግዴታ ያለባቸው አድርጎ ሲደነግግ ኑዛዜን አልለየም ነበር። የካቶሊክ ጳጳሳትና የኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ከሰሱ፤ የፌዴራል ፍርድ ቤት በጁላይ ድንጋጌውን በዚህ ረገድ አገደ፤ በኦክቶበርም ግዛቱ በኑዛዜ ብቻ የተሰማን ነገር በተመለከተ ሕጉን በካህናት ላይ እንደማያስፈጽም ተስማማ። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ሲያትል ይህ ስምምነት እፎይታ አምጥቷል፤ ሊያመጣም ይገባል። ነገር ግን ከስምምነቱ በኋላ የቀረው ግዴታ ትንሽ አይደለም፦ ካህን ከኑዛዜ ውጭ የሰማውን ሁሉ ማሳወቅ አለበት። ቨርጂኒያም በ2019 ለምስጢር ቦታ ትታ ለካህናትና ለሰባክያን ይህንኑ ግዴታ ደንግጋለች።

በኢትዮጵያዊው ልማድ የንስሐ አባት የሚሰማው ሁሉ ኑዛዜ አይደለም። በዓል ሲሆን ቤት ይገባል፣ ጠበል ይረጫል፣ ባልና ሚስት ያስታርቃል፣ ልጆችን ይመክራል፤ ቡና ተፈልቶ እናት የምትነግረው ነገር አለ፣ ሽማግሌ ሆኖ የሚሰማው ነገር አለ። ይህን ሁሉ በአንድነት «የንስሐ ምስጢር» ብሎ መጠቅለል ምስጢሩን ማክበር ሳይሆን በምስጢሩ መከለል ነው። ድንበሩን በሚገባ ሊያስምሩ የሚችሉት የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ራሳቸው ናቸው። እነርሱ ቢዘገዩ ድንበሩን ልማዱን የማያውቅ ዳኛ ያሰምረዋል።

የተከሰሰ ሁሉ ጥፋተኛ አለመሆኑ እውነት ነው። በስደት ያሉ አብያተ ክርስቲያናት በፖለቲካና በንብረት ክርክር ተከፋፍለው ፍርድ ቤት የቆሙባቸው ጊዜያት ጥቂት አይደሉም፤ በእንዲህ ያለ ጠብ መካከል ክስ እንደ ጦር ሊወረወር ይችላል። ነገር ግን ከሐሰት ክስ የሚያድን ዝምታ ሳይሆን ምርመራ ነው፤ ያውም ከሁለቱም ወገን ባልሆነ ሰው የሚካሄድ ምርመራ። ምርመራው እስኪያልቅ ካህኑ ከልጆች ጋር ከሚያገናኘው አገልግሎት ቢገታ ፍርድ አልተሰጠበትም፤ ንጹሕ ከሆነም ስሙን የሚያነጻለት የሽማግሌዎች እርቅ ሳይሆን ይህ ምርመራ ነው።

በአናፖሊስ የቀረው ሥራ ግልጽ ነው። የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የ2023ቱን ሕግ በፌብሩዋሪ 2025 አጸናው፤ ምክር ቤቱ ግን በዚያው ዓመት ከጁን 1 ጀምሮ በሚቀርቡ ክሶች የግል ተቋማት የሚከፍሉትን የካሳ ጣሪያ ከ1.5 ሚሊዮን ዶላር ወደ 700,000 ዶላር አወረደው። ቋንቋውን በቅጡ የማይናገርና መብቱን ዘግይቶ የሚያውቅ ስደተኛ በዚህ ቅነሳ ይበልጥ ይጎዳል፤ በአማርኛ የተተረጐመ አንድ የመብት መግለጫ እንኳ አልደረሰውም ይሆናል። ሚዙሪና ቴክሳስ በ2025 በሕፃናት ላይ የተፈጸመ ወሲባዊ በደልን ተጠቂው እንዳይናገር የሚያስሩ ውሎችን ውድቅ የሚያደርግ ሕግ አውጥተዋል። ሜሪላንድም ይህንን ልትከተል ይገባል፤ የምክር ቤት አባላት ረዳቶች ረቂቁን ሲያዘጋጁ በጽሑፍ የተፈረመውን ውል ብቻ ሳይሆን በሽማግሌ ፊት በቃል የተገባውን የዝምታ ግዴታም ሊያስቡበት ይገባል፤ በእኛ ዘንድ የሚበዛው እርሱ ነውና።

አብያተ ክርስቲያናቱ ደግሞ ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ የማያስፈልጋቸው አንድ ሥራ አላቸው። ያው ጥንታዊ የሐዋርያት ቀኖና ካህን ያለ መሸኛ ደብዳቤ ከሌላ ስፍራ መጥቶ ተቀባይነት እንዳያገኝ ያዝዛል። ሰበካ ጉባኤም ሆነ የወንጌላውያን የሽማግሌዎች ቦርድ አዲስ አገልጋይ ሲቀበል ይህን ደብዳቤ መጠየቅ፣ በደብዳቤውም ላይ ሰውየው ቀድሞ ከነበረበት ስፍራ ለምን እንደለቀቀና የቀረበበት አቤቱታ ካለ ምን ውሳኔ እንዳገኘ እንዲጻፍ ማድረግ ይችላል። ደብዳቤውን የጻፈው ወገን እውነቱን ቢደብቅ በፍርድ ቤት የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ እርሱ ነው።