ዓሣው «ቻይ ነው» ይሉናል

ስለ ዓሣ ልንጽፍ ነው ስንል አብዛኛው አንባቢ ሐዋሳንና ጥብሱን እንደሚያስብ አናጣውም። የዛሬው ግን የማይበላው ነው። ቤታ ይባላል። ቁመቱ ከመሀል ጣት አይበልጥም፤ ክንፉና ጭራው እንደ ሐር ሻሽ ይንሳፈፋል፤ ቀይ አለ፣ ሰማያዊ አለ፣ ሁለቱን ደባልቆ የለበሰም አለ። ጌጥ ዓሣ በሚሸጥበት ቦታ ሁሉ መጀመሪያ ዓይን የሚገባው እሱ ነው፤ ዋጋውም ከሌላው ቀለል ስለሚል ቶሎ ይገዛል።

ጠባችን ከዓሣው ሳይሆን ከሚገባበት ዕቃ ጋር ነው። ሻጩ ዓሣውን ከብርሌ ትንሽ ከፍ በምትል ክብ ጠርሙስ አድርጎ፣ ከሥሯ ባለቀለም ጠጠር በትኖ ይሰጣችኋል። «አይጠብም ወይ?» ስትሉት መልሱ ዝግጁ ነው፤ «ይሄ ዓሣ ቻይ ነው፣ ምንም አይሆንም» ይላችኋል። አሜሪካ ያላችሁ ወገኖቻችንም እንዲሁ በላስቲክ ኩባያ ተደርድሮ ታዩታላችሁ። እኛ እንደሚመስለን የዚህ ዓሣ መከራ ሁሉ የመጣው «ቻይ ነው» ከምትለዋ ቃል ነው።

ቃሏ ውሸት አይደለችም። ቤታ እንደ ሌሎቹ ዓሦች በስንጥቡ ብቻ አይተነፍስም። ከስንጥቡ በላይ፣ ጭንቅላቱ ውስጥ፣ ከአየር በቀጥታ ኦክስጅን የሚወስድበት ሌላ የመተንፈሻ አካል አለው። ስለዚህ በየተወሰነ ጊዜው ወደ ላይ ወጥቶ አየር ይጎርሳል። ኦክስጅኑ ባለቀ ውኃ ውስጥ ሌላው ዓሣ በሰዓታት ሲሞት እሱ የሚቆየው ለዚህ ነው። ሻጩ የዚህን ግማሽ ብቻ ነው የሚነግራችሁ። አየር መጎረሱ ከመታፈን ያድነዋል እንጂ ከመመረዝ አያድነውም፤ ከብርድም አያድነውም።

መመረዝ ስንል አሞኒያን ነው። ዓሣ የበላው ፕሮቲን ሰውነቱ ውስጥ ሲፈጭ የሚወጣው አሞኒያ በአብዛኛው በስንጥቡ በኩል ወደ ውኃው ይገባል፤ የተረፈ ምግብ ሲበሰብስም እንዲሁ። በ1 ሊትር ጠርሙስ ውስጥ ይህ መርዝ በአንድ ሁለት ቀን ይከማቻል። በ20 ሊትር ውስጥ ግን ያው መርዝ ሃያ ጊዜ ይቀጥናል፤ ሂሳቡ ይኸው ነው። ጠርሙስ ውስጥ ያለው ዓሣ ወዲያው ስለማይሞት ደህና ይመስለናል። ክንፉ ይቃጠላል፣ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ከጥግ አይንቀሳቀስም። እኛም «ረጋ ያለ ነው» እንላለን። በደህና ከተያዘ ሦስት ዓመት ገደማ የሚኖር ዓሣ በሦስት ወሩ ሲሞትም «ዕድሜው አጭር ነው» ብለን ሌላ እንገዛለን።

የጠርሙስ ደጋፊዎች ጠንካራ የሚሉት መከራከሪያ «አገሩም ኩሬ ውስጥ ነው የሚኖረው» የሚል ነው። አገሩ ታይላንድ ነው። እዚያ «ፕላ ካት» ይሉታል፣ «ነካሹ ዓሣ» ማለት ነው፤ ሁለት ወንዶች ከተገናኙ ስለማይለቃቀቁ ለዘመናት ሲያዋጉት ኖረዋል። ቤታ ስፕሌንደንስ የሚለውን ሳይንሳዊ ስም በ1910 እ.ኤ.አ. ያወጣለት እንግሊዛዊው ቻርልስ ቴት ሪገን ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ የታይላንድ መንግሥት የአገሪቱ ብሔራዊ የውኃ እንስሳ አድርጎታል። የሚኖረው በሩዝ ማሳና ሣር በበዛበት ረግረግ ውስጥ ነው። ማሳው ጥልቀት የለውም፣ እውነት ነው፤ ጥልቀት ማነስና መጥበብ ግን አንድ አይደሉም። ጉልበት የማይደርስ ውኃ ዓይን እስኪደክም ድረስ ተዘርግቶ፣ ቅጠሉ፣ ጥላው፣ ትንኙ ሁሉ ሞልቶለት ነው የሚኖረው። የታይላንድ አርቢዎችም ቢሆኑ ወንዶቹን በጠርሙስ ለየብቻ ይደረድራሉ ትሉን ይሆናል። ይደረድራሉ። እነሱ ግን አገራቸው ሞቃት ነው፣ ውኃ መቀየር የዕለት ሥራቸው ነው፣ ጠርሙሱም እስኪሸጥ ማቆያ ነው። የመጋዘንን መደርደሪያ አይቶ «ቤት ማለት ይሄ ነው» የሚል ሰው ካለ እኛ አንከራከረውም።

አንድ ሰሞን አሜሪካ ውስጥ ደግሞ የአበባ ማስቀመጫ ውስጥ ዓሣውን ከትተው፣ ከላይ ተክል ሰክተው፣ «ሥሩን እየበላ ይኖራል» ማለት ፋሽን ሆኖ ነበር። ቤታ ነፍሳትና የትንኝ እጭ በሊ ነው። ሥር አይበላም። በረሃብ ነበር የሚሞተው።

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንምጣ፤ ነገሩ እዚህ ይብሳል። ቤታ የሚመቸው ውኃ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ቤት ውስጥ እንደዚያ ባይበርድም ማሞቂያ የሌለው ውኃ 24ን አያያትም። ዓሣ የሰውነቱ ሙቀት የውኃው ሙቀት ነው፤ ሲበርደው ምግቡ አይፈጭለትም፣ በሽታ መቋቋም ያቅተዋል። ስለዚህ የሚቀጣጠር የአኳሪየም ማሞቂያና ቴርሞሜትር ግዴታ ናቸው። ለ20 ሊትር 25 ዋት ይበቃል የሚሉት ክፍሉ ለብ ለሚል አገር ነው፤ ለእኛ ሌሊት 50 ዋት ይሻላል።

መብራት ሲጠፋስ? የትልቁ ዕቃ ጥቅም እዚህ ላይ ፍንትው ብሎ ይታያል። 1 ሊትር ውኃ ቶሎ ከክፍሉ ጋር እኩል ይቀዘቅዛል፤ 20 ሊትር ግን ሙቀቱን ቀስ እያለ ነው የሚለቀው። ከላይ ጋቢ ደረብ ካደረጋችሁበት ደግሞ ይበልጥ ይቆያል። ፊልተሩ ሲቆም ሌላው ዓሣ ኦክስጅን ሲያጥረው ቤታ ከላይ አየሩን ይጎርሳል። እዚህ ጋ ቻይነቱ በትክክል ያገለግላል። ተፈጥሮ የሰጠችው ለክፉ ቀን ነዋ፤ እኛ ነን የዘወትር ኑሮው ያደረግንበት።

ስለዚህ ዝቅተኛው 20 ሊትር ነው እንላለን፤ አሜሪካ ያላችሁ 5 ጋሎን የሚለውን ፈልጉ፣ 19 ሊትር ገደማ ነው። የተዘጋጀ አኳሪየም ከተወደደባችሁ መስታወት ቤት ሄዳችሁ ማሠራት ትችላላችሁ። ርዝመቱ 40፣ ወርዱ 25፣ ከፍታው 25 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ከላይ 5 ሳንቲ ሜትር ስትተዉ ልክ 20 ሊትር ውኃ ይይዛል። 5 ሚሊ መስታወት ይበቃዋል። ሲሊኮኑ ግን የሻጋታ መከላከያ የተጨመረበት የመታጠቢያ ቤት ዓይነት እንዳይሆን አደራ፣ ዓሣ ይመርዛል። ረጅምና ቀጭን ማማ የሚመስለውን አትግዙ፤ ያን ሁሉ ክንፍ እየጎተተ ለእያንዳንዱ ትንፋሽ ፎቅ መውጣት አለበት እንዴ? ክዳን ያስፈልገዋል፣ ይዘላልና። በክዳኑና በውኃው መካከል ደግሞ አየር ይኑር። ፊልተሩ ውኃውን የሚያናውጥ ሳይሆን ቀስ ብሎ የሚሠራ የስፖንጅ ፊልተር ይሁን። ሁለተኛ ወንድ ቤታ አትጨምሩ።

የሚቀመጥበትም ቦታ ይታሰብበት። ፀሐይ በቀጥታ ከሚያገኘው መስኮት አጠገብ ከሆነ ውኃው አረንጓዴ ይሆናል። ለትንኝና ለበረሮ የሚነፋው መድኃኒት ለዓሣ ኃይለኛ መርዝ ነው፤ አኳሪየሙ ባለበት ክፍል አትንፉ። ከረከቦቱና ከዕጣኑም ራቅ ብናደርገው ደስ ይለናል፤ ከውኃው በላይ ያለውን አየር የሚተነፍስ ፍጥረት ነውና።

ብዙ ሰው የሚዘለው ቁም ነገር ዕቃው ከዓሣው አንድ ወር ቀድሞ መገዛት እንዳለበት ነው። አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ደግሞ ጉዳቱ እጅግ ወዳነሰው ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች አሉ። ስፖንጁ ውስጥ እስኪራቡ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ውኃውን ሞልታችሁ፣ ማሞቂያውንና ፊልተሩን አስነሥታችሁ፣ ቆንጥር የዓሣ ምግብ እየጣላችሁ ያለ ዓሣ ጠብቁ። የሚሠራ አኳሪየም ያለው ጓደኛ ካላችሁ ከስፖንጁ ቁራጭ ለምኑት። እናቶቻችን ከጎረቤት እርሾ እንደሚበደሩት ማለት ነው፤ ሊጡ ቶሎ ይነሣል።

ይህን የተረዳ ሰው ጥገናው አይከብደውም። በየሳምንቱ ከ20ው ሊትር 5ቱን አውጥቶ በአዲስ መተካት በቃ። ሁሉንም ደፍቶ፣ መስታወቱን በፈሳሽ ሳሙና አሽቶ፣ ስፖንጁን በቧንቧ ውኃ አጥቦ የሚመልስ ሰው እርሾውን ጨርሶ ነው የደፋው። ስፖንጁ የሚታጠበው ከአኳሪየሙ በወጣው ውኃ ነው። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለው በባልዲ 24 ሰዓት ክፍት ሆኖ ይደር፣ ሲጨመርም ለብ ይበል። ውኃ በፈረቃ የሚመጣባችሁ ሰዎች አንድ ጀሪካን ለእሱ ብትለዩለት ጭንቅ የለም። ዋሽንግተንን ጨምሮ ብዙ የአሜሪካ ከተሞች የሚጠቀሙት ክሎራሚን ግን አድሮ አይጠፋም፤ ከሱቅ የሚገዛ የውኃ ማከሚያ ጠብታ ይፈልጋል። ምግቡ በቀን ሁለት ጊዜ ሦስት አራት ፍሬ ነው፤ የዳቦ ፍርፋሪ አይሆንም።

«ሰው በተቸገረበት ከተማ ለዓሣ ማሞቂያ?» የሚለን እንደማይጠፋ እናውቃለን። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ መልሳችንም አጭር ነው፤ ዓሣ ማርባት ግዴታ አይደለም። ገንዘቡ ከሌለ አለመግዛት ነጻ ነው። እኛን የሚያናድደን ዓሣውን በርካሽ ሸጦ የዕቃውን ወጪ የሚደብቀው ንግድ ነው። ሰርግና ልደት ላይ በየጠረጴዛው ብርጭቆ ውስጥ አስቀምጦ ለእንግዳ ማደልማ ጭራሽ አይነሣ። ማታ በታክሲ፣ በላስቲክ፣ ከኬክ ቁራጭ ጋር ወደ ቤት የሚሄደው ዓሣ ማሞቂያው ማን ጋ ነው ያለው?

ስጦታ መስጠት የፈለገ ሰው ባዶውን አኳሪየም ከነማሞቂያው ይስጥ። ከወር በኋላ ዓሣውን ተቀባዩ ራሱ ሄዶ ይመርጣል። ከቀዩና ከሰማያዊው የትኛው ይሻላል በሚለው ግን እኛው ራሳችን ገና አልተስማማንም።