አሮጌው ኮምባይነርና የመጠገን መብት

በአሜሪካ በበቆሎ ምርት ቀዳሚ የሆነው የአዮዋ ክፍለ ግዛት አዝመራውን የሚሰበስበው ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ነው። ዩናይትድ ስቴትስ ከዓለም በቆሎ ሲሶ ያህሉን የምታመርት አገር ስለ ሆነች፣ እዚያ ያለው ገበሬ ሁሉ በየጊዜው አዲስ መኪና የሚገዛ ይመስለን ይሆናል። ነገሩን ቀረብ ብለን የተመለከትነው እንደሆነ ግን እንዲህ አይደለም። በትንንሽ እርሻዎች ላይ ሠላሳና አርባ ዓመት ያገለገለ ኮምባይነር ዛሬም በቆሎ ሲሰበስብ ይገኛል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ትልቅ አዲስ ኮምባይነር ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በላይ ያወጣል። የበቆሎ ዋጋ ደግሞ በ2022 (ዓመቶቹን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) አንዱ ቡሽል፣ ማለት 25 ኪሎ ያህሉ፣ ከ7 ዶላር በላይ ደርሶ ሳለ፣ በ2024 ወደ 4 ዶላር ግድም ወርዷል። በ2022 በተደረገው ቆጠራ የአገሪቱ እርሻዎች ቁጥር 1.9 ሚሊዮን ሆኖ፣ ከ2017ቱ ቆጠራ 7 በመቶ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል። ስለዚህ ጥቂት መሬት ያለው ገበሬ ዕዳ ከመግባት ይልቅ ያለውን መኪና ጠግኖ መሥራትን ቢመርጥ የሚያስደንቅ አይሆንም።

ይሁን እንጂ አሮጌ መኪና የሚጠቅመው አስቀድሞ የተሰናዳ እንደሆነ ነው። መኪናው በቆመባቸው ወራት አይጥ የኤሌክትሪኩን ሽቦ በልታው እንደሆነ ይመረመራል፤ የላላው ሰንሰለት ይወጠራል፤ የተሰነጠቀው ቺንጋ ይለወጣል፤ ኩሽኔታው ግራሶ ይሞላል። ከዚያም ከፊት የሚገጠመው የበቆሎ መልቀሚያ ይታያል። በዚህ ውስጥ አገዳውን ወደ ታች የሚስቡ ተሽከርካሪ ዘንጎች፣ በላያቸውም የበቆሎውን ራስ የሚያስቀሩ ሁለት ጠፍጣፋ ብረቶች አሉ። በብረቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ከመጠን በላይ የጠበበ እንደሆነ አገዳው እየተሰበረ ከበቆሎው ጋር ይገባል፤ የሰፋ እንደሆነ ደግሞ ዘንጎቹ ፍሬውን ያራግፉታል። ክፍተቱ ከበስተኋላ በ3 ሚሊ ሜትር ያህል እንዲሰፋ ይደረጋል። የመውቂያው ከበሮም ከሚገባው በላይ ከፈጠነ ፍሬውን ይፈረካክሳል፤ ከዘገየ ደግሞ ፍሬው ከቆረቆንዳው ሳይለቅ ያልፋል።

የዚህ ሁሉ ጥንቃቄ ዋጋ በማሳው ላይ ይቆጠራል። በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ 22 ያህል ፍሬ ወድቆ ቢገኝ፣ በሄክታር 63 ኪሎ ያህል በቆሎ ጠፋ ማለት ነው። ከዚህም የሚብስ አደጋ አለ። የደረቀ ቅጠልና አቧራ በጋለ ሞተር ወይም በተበላሸ ኩሽኔታ አጠገብ ሲከማች መኪናውንም ማሳውንም የሚያቃጥል እሳት ያስነሣል። ስለዚህ መኪናው በየቀኑ ይጠረጋል፤ የእሳት ማጥፊያም አይለየውም። መልቀሚያው በአገዳ ሲታፈን ሞተሩን ሳያጠፉ በእጅ መንካት ደግሞ እጅን ለዘንጎቹ መስጠት ነው፤ ዘንጎቹ ሰው እጁን ከሚያነሣበት ፍጥነት ይልቅ ይፈጥናሉና።

በእኛ አስተያየት የነገሩ ፍሬ ያለው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ኢንተርናሽናል ሃርቨስተር በ1977 ለገበያ እንዳወጣው አክሲያል ፍሎው ያለውን መኪና ገበሬው ራሱ በመፍቻ ሊፈታው ይችላል። በዛሬው ኮምባይነር ውስጥ ግን ኮምፒዩተር አለ፤ አንዳንዱም ብልሽት የፋብሪካው ፕሮግራም ካልተገኘ አይጠገንም። አዝመራው ደርሶ ዝናብ በሚያሰጋበት ሰዓት ባለሙያ መጠበቅ ምን ያህል እንደሚጎዳ የታወቀ ነው። ከዚህ የተነሣ ጆን ዲር ከአሜሪካ ገበሬዎች ማኅበር፣ ፋርም ቢሮ ከሚባለው ጋር፣ በጥር 2023 የመግባቢያ ስምምነት ተፈራረመ። የኮሎራዶ ክፍለ ግዛት በዚያው ዓመት የእርሻ መኪና የመጠገን መብትን በሕግ ደንግጎ ሕጉ ከጥር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። በጥር 2025ም የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን በጆን ዲር ላይ ክስ መሠረተ። እንግዲህ ክርክሩ አሮጌ ይሻላል ወይስ አዲስ የሚል አይደለም፤ የገዛውን መኪና የመጠገን ሥልጣን የማን ነው የሚል ነው።

ይህ ለእኛም የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። በአርሲና በባሌ የስንዴ ማሳዎች የሚሠሩት ኮምባይነሮች በአብዛኛው በውጭ አገር የተሠሩ ናቸው፤ አንዱ በአጨዳ ወራት ቢቆም ተራ የሚጠብቀው ገበሬ ሁሉ ይቆማል። ነገ የግዢ ወረቀት የሚቀርብለት ወጣት ሹም የመኪናውን ዋጋ ብቻ አይጠይቅ። መለዋወጫው የት እንደሚገኝ፣ የጥገናው መጽሐፍና የኮምፒዩተሩ መክፈቻ አብሮ መሰጠቱን፣ በቅርብ የሚጠግነውም ሰው ማን እንደሆነ ይጠይቅ። የእነዚህ መልስ ከውሉ ጋር ሳይያያዝ መፈረም አይገባም።