13 ሚሊዮን ዶላር ያልገዛው ወንበር

ወገኔ፣ «ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» ሲባል ስንት ጊዜ ሰምተሃል? ዲግሪያችንን ይዘን ቤት የተቀመጥን ልጆች ደግሞ አባባሉን ከማንም በላይ እንደጋግመዋለን። ብር የለንምና ምንም አንለውጥም ብለን እጃችንን አጣጥፈናል። ዛሬ ይህን አባባል የሚፈትን አንድ እውነተኛ ታሪክ ላጫውትህ። ታሪኩ የአሜሪካ ነው፤ ቦታው ግን ለሐበሻ ባዕድ አይደለም።

ሲልቨር ስፕሪንግን ታውቀዋለህ። ከዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ያለ፣ እንጀራውም ቡናውም የማይጠፋበት የወገኖቻችን መናኸሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ይህ አካባቢ የሚገኝበት 8ኛው የምርጫ ክልል የኮንግረስ ወንበሩ ክፍት ሆነ። ወንበሩን ይዞ የነበረው ክሪስ ቫን ሆለን ለሴኔት ሊወዳደር ነበር። እዚያ ዴሞክራቱ ስለሚበዛ ዋናው ፍልሚያ የፓርቲው የውስጥ ማጣሪያ፣ ፕራይመሪ የሚሉት ነው። እሱን ያለፈ ሰው በኖቬምበሩ ምርጫ ብዙም አይቸገርም።

ዴቪድ ትሮን የሚባል ነጋዴ ብቅ አለ። ትሮን በአባት ሀብት የተንደላቀቀ ሰው አይደለም። እርሻ ላይ አድጎ፣ ከወንድሙ ጋር ቶታል ዋይን የተባለውን ግዙፍ የመጠጥ መደብር ያቋቋመ ሠራተኛ ሰው ነው። ሕዝቡንም «በራሴ ገንዘብ ስለምወዳደር የማንም ባለዕዳ አልሆንም» በሚል መንፈስ ቀረበው። የአሜሪካ ሕግ ለዚህ በሩን ከፍቶለታል፤ ከ1976ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ወዲህ ተወዳዳሪ ለራሱ ዘመቻ የፈለገውን ያህል ከኪሱ ማውጣት ይችላል። ተራው ዜጋ ግን በዚያ ዓመት ለአንድ ተወዳዳሪ በአንድ ምርጫ መስጠት የሚችለው እስከ 2,700 ዶላር ብቻ ነበር። ልዩነቱን እስቲ አስበው!

ትሮን ከ13 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፈሰሰ። ቴሌቪዥን ብትከፍት እሱ፣ የፖስታ ሳጥን ብትከፍት እሱ።

ከፊቱ የቆመው ጄሚ ራስኪን ነበር፤ የሕገ መንግሥት ሕግ መምህር፣ ለዓመታት ያንኑ የሲልቨር ስፕሪንግና የታኮማ ፓርክ አካባቢ በሜሪላንድ ሴኔት የወከለ ሰው። የጋዜጠኝነትና የትልቅ ሆቴል ኩባንያ ልምድ ያላት ካትሊን ማቲውስም ነበረች። ኤፕሪል 26 ቀን ድምፁ ሲቆጠር ራስኪን 34 በመቶ ገደማ አግኝቶ አንደኛ ወጣ። ትሮን በ27 በመቶ ገደማ ሁለተኛ ሆነ። ያገኘው ድምፅ 35 ሺህ አካባቢ ስለሆነ አንዱን ድምፅ ከ350 ዶላር በላይ አውጥቶበታል ማለት ነው። ወንበሩን ግን አላገኘም።

ለምን? ማስታወቂያ ስምህን ያሳውቅልሃል። ሰው ግን ስምህን ካወቀ በኋላ «ከዚህ በፊት የት ነበርክ?» ይልሃል። ትሮን ከዚያ በፊት ለሪፐብሊካን ፖለቲከኞች ገንዘብ መስጠቱ ሲወጣ ለንግዴ ስል ነው ብሎ ማስረዳት ነበረበት። ራስኪን ደግሞ ሜሪላንድ የሞት ቅጣትን በ2013 ስታስቀር በምክር ቤቱ ውስጥ የተሟገተ ሰው ነው። ሐሳቡን ልትቃወም ትችላለህ፤ የት እንደነበረ ግን ማንም ያውቃል።

አሁን ደግሞ ራሳችንን አንሸንግል። ራስኪንም በባዶ ኪስ አልሮጠም፣ ገንዘብ አሰባስቧል። ትሮንም ተስፋ አልቆረጠም፤ በ2018 በጎረቤቱ 6ኛ ክልል እንደገና የራሱን ሚሊዮኖች አውጥቶ አሸነፈ፣ ኮንግረስም ገባ። በ2024 ለሴኔት ሲወዳደር ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከኪሱ አወጣ፤ በፕራይመሪው አንጀላ ኦልሶብሩክስ አሸነፈችው። ስለዚህ ገንዘብ አንዳንዴ ያሸንፋል፣ አንዳንዴ ይሸነፋል። ልዩነቱን የሚፈጥረው ማን ወጥቶ እንደመረጠ ነው።

እዚህ ላይ ልብ በል! በ2016ቱ ፕራይመሪ በራስኪንና በትሮን መካከል የነበረው ልዩነት 8 ሺህ ድምፅ ገደማ ነው። ከ700 ሺህ በላይ ሕዝብ በሚኖርበት ክልል 8 ሺህ ሰው ምንድን ነው? በአንድ የጥምቀት በዓል ላይ የምታየው ሕዝብ ይበልጠዋል። የሜሪላንድ ፕራይመሪ ደግሞ ዝግ ነው፤ ለፓርቲው የተመዘገበ ሰው ብቻ ነው የሚመርጠው። ዜግነት ወስዶ፣ ፓርቲ ሳይመዘግብ፣ በኖቬምበር ብቻ ብቅ የሚል ወገናችን ሠርጉ ካለቀ በኋላ እንደደረሰ ሚዜ ነው። ወንበሩ ላይ ማን እንደሚቀመጥ ደግሞ እኛንም ይነካናል። በ2018 ስለ ኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብት የወጣው ኤች.ሬስ. 128 እንዲያልፍ ስንት ወገን ለተወካዩ ስልክ እንደደወለ አስታውስ። ተወካይ ስልክ የሚያነሳው ለመራጩ ነው።

እኛ አገር ውስጥ ላለነውም ትምህርቱ ያው ነው። ነገ አንድ ባለሀብት ቲሸርትና ኮፍያ ይዞ ሰፈርህ ቢመጣ በሀብቱ አትጥላው፣ በሀብቱም አትሰግድለት። ሦስት ነገር ጠይቀው። ትናንት የት ነበርክ? እስከዛሬ ገንዘብህን ለማን ስትሰጥ ነበር? ብትሸነፍስ ከእኛ ጋር ትቆያለህ? መልሱ ካጠገበህ ምረጠው፤ ካላጠገበህ ቲሸርቱን ልበስና ድምፅህን ለራስህ አስቀር።

እኔና አንተ 13 ሚሊዮን ዶላር የለንም። ሥራ የለንም እንጂ ጊዜ ግን አለን፤ እግርም አለን። ቤት ለቤት መሄድ፣ ማስረዳት፣ ማስመዝገብ የሚጠይቀው እሱን ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለጌጥ አይደለም።

አሁን ስልክህን ይዘሃል አይደል? ሜሪላንድ ያለችውን አክስትህን፣ ያንን ታክሲ የሚነዳውን የአጎትህን ልጅ ጻፍላቸው። ስለ ብር ሳይሆን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቃቸው፦ ለፕራይመሪው ተመዝግባችኋል ወይ?