በሁለት ሚዛን የተሰፈረው የሊባኖስ ቀውስ

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2019 የሊባኖስ መንግሥት የካዝናውን ጉድለት ለመሙላት በዋትስአፕ የስልክ ጥሪ ላይ በወር 6 ዶላር ገደማ ግብር ለመጣል አሰበ። ዕቅዱ በሰዓታት ውስጥ ቢሰረዝም ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፤ ባንኮችም ለሁለት ሳምንት ያህል ተዘጉ። ዳግም ሲከፈቱ ቆጣቢው የገዛ ገንዘቡን በጥቂት በጥቂቱ ካልሆነ በቀር ማውጣት አልቻለም፤ ወደ ውጭ መላክማ ለተራው ሰው የማይታሰብ ሆነ።

ይህ ገደብ ግን በፓርላማ የጸደቀ ሕግ ሳይሆን ባንኮቹ ራሳቸው የጣሉት ነበር። ሕግ በሌለበት ቦታ ደግሞ የሚዳኘው ትውውቅ ነው። የገንዘብ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር የነበሩት አላን ቢፋኒ በ2020 ሥራቸውን ከለቀቁ በኋላ፣ በእነዚያ ወራት እስከ 6 ቢሊዮን ዶላር ከአገር መሸሹን ተናግረዋል። ከ1956 ጀምሮ የጸናው የባንክ ምስጢር ሕግም ማን ምን ያህል እንዳሸሸ ለማጣራት እንቅፋት ሆነ።

የግብሩ ጉዳይም ከዚህ የራቀ አይደለም። ከ1997 ጀምሮ አንድ ዶላር በ1,507.5 ሊራ ተተምኖ ኖሯል። ሊራው ወድቆ በገበያ አንድ ዶላር በአሥር ሺዎች ሲመነዘር፣ የጉምሩክ ቀረጥ ግን እስከ 2022 መጨረሻ ድረስ የሚሰላው በአሮጌው ተመን ነበር። ስለዚህም ብዙ አስመጪዎች ከሸማቹ በገበያው ምንዛሪ እየተቀበሉ ለመንግሥት በአሮጌው ከፈሉ። አሠራሩ ሕግን አልጣሰም ይባል ይሆናል። ይሁንና ሱረቱል ሙጠፊፊን የሚያወግዘው ይህንኑ፣ ሲቀበሉ አስሞልተው ሲሰጡ የሚያጎድሉትን ነው።

የጎደለው ሚዛን ዕዳ መጨረሻ ላይ ያረፈው በአቅመ ቢሱ ላይ ነው። በ2020 ዶላር ያጡ አሠሪዎች በርካታ ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞችን፣ አንዳንዶቹንም ደመወዛቸውን ሳይከፍሉ፣ ቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ጥለዋቸው ሄደዋል። ሠራተኛው ላቡ ሳይደርቅ ዋጋው ይከፈለው ዘንድ በታዘዘበት ሃይማኖት ይህ ከባድ በደል ነው።

የባንክ ባለቤቶች ገንዘባችንን ያባከነው መንግሥት ነው ሲሉ ይከራከራሉ። ክርክሩ መሠረት የለውም አይባልም፤ መንግሥት በማርች 2020 የ1.2 ቢሊዮን ዶላር ብድሩን መክፈል ተስኖታልና። ሆኖም ፍርሃት የሁሉም ሆኖ ሳለ መውጫው በር ለጥቂቶች ብቻ መከፈቱን አያስተባብልም።

ፓርላማው በኤፕሪል 2025 የባንክ ምስጢር ሕጉን አሻሽሎ፣ ተቆጣጣሪዎች የ10 ዓመት ሰነድ ወደኋላ ተመልሰው እንዲመረምሩ ፈቅዷል። የፋይናንስ ዘርፉ ኪሳራ ከ70 ቢሊዮን ዶላር በላይ በሚገመትበት አገር ይህ መልካም ጅምር ነው። ፍሬው የሚለካው ግን የሸሸው ገንዘብ በስም ተለይቶ ሲጠየቅና ትንሹ ቆጣቢ ከትልቁ ቀድሞ ሲካስ ነው። የሕዝብ ገንዘብ አማና ነው፤ አማናም የሚፈተነው በጥጋብ ዘመን ሳይሆን በችግር ቀን ነው።