ወገቡን የሚያመው የቀድሞ ወታደር ከሥራ መገለል የለበትም

በአዲስ አበባ ልደታ አካባቢ ከገጠር የሚመጣ በሽተኛ የሚያውቃቸው ሦስት ታላላቅ የሕክምና ተቋሞች አሉ፤ ጥቁር አንበሳ፣ ደጃዝማች ባልቻና ጦር ኃይሎች ሆስፒታል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር መስመር በልደታ አልፎ የሚያበቃውም እዚያው ጦር ኃይሎች ዘንድ ነው። ወደነዚህ ሆስፒታሎች ከየክልሉ ከሚጎርፈው ሕዝብ መካከል ከዓመታት በፊት ጠመንጃውን አስረክቦ ሞፈር የጨበጠ፣ ዛሬ ግን ወገቡን ይዞ እያነከሰ የሚራመድ የቀድሞ ወታደር አይታጣም።

ይህ ሰው ወደ ከተማ ለመምጣት በግ ወይም ጊደር ሸጧል፤ የዘመድ ቤት አጣብቧል፤ ተራ ለመያዝ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቷል። በመጨረሻ የሚነገረው ግን ብዙ ጊዜ አጭር ነው። ራጁ የተሰበረ ነገር አያሳይም፤ ቀዶ ጥገና አያስፈልግም፤ ሰውነቱን ያንቀሳቅስ፣ ፊዚዮቴራፒ ይከታተል ይባላል። ሰውየውም «መድኃኒት ሳይሰጡ መለሱኝ» እያለ አዝኖ አገሩ ይገባል። ይህ ትልቅ አለመግባባት ነው። ሐኪሙ ያዘዘለት ነገር ራሱ መድኃኒት ነው፤ ነገር ግን በልደታ ፋርማሲዎች የሚሸጥ ሳይሆን በመንደር የሚፈጸም ነው። አፈጻጸሙም ከበሽተኛው ቀጥሎ የሚመለከተው ሥራ የሚደለድለውንና የዘመቻ ተራ የሚያወጣውን የገበሬ ማኅበር መሪ ነው።

ጉዳዩ የጥቂት ሰዎች አይደለም። በ1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ሲበተን ግማሽ ሚሊዮን ያህል ወታደር ትጥቁን ፈትቷል፤ ከዚህም ብዙው ወደ ገጠር ተመልሶ እርሻ ገብቷል። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ከተካሄደው ጦርነት በኋላም 150 ሺህ ያህል ወታደር ተሰናብቷል። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተፈረመ ወዲህ ደግሞ የብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን ከ371 ሺህ የሚበልጡ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ኅብረተሰቡ ለመመለስ ዕቅድ አውጥቷል። በ1983 የ25 ዓመት ጎልማሳ የነበረው ዛሬ ስድሳ ዓመት ገደማ ሆኖታል። አዲሱ ተመላሽ ግን ገና ወጣት ነው፤ ከአሁኑ በወገቡ ምክንያት ከእርሻው ከተለየ ሠላሳ የምርት ዘመን ይባክናል።

የወታደር ወገብ ለምን እንደሚታመም መመራመር አያስፈልግም። ጥይትና ስንቅ ተሸክሞ ዳገት መውጣት፣ ምሽግ መቆፈር፣ በኦራል መኪና ላይ ተጭኖ በኮረኮንች መንገድ ሲንገላቱ ማደር፣ ባዶ መሬት ላይ መተኛት የተለመደ ኑሮው ነበር። ሲመለስ የጠበቀው ሥራም የወገብ ሥራ ነው። አራሽ እርፉን በአንድ እጁ ተጭኖ ዘንበል ብሎ ይውላል፤ የጤፍ አረምና አጨዳ ከጧት እስከ ማታ ማጎንበስ ነው።

ከሦስት ወር በላይ የቆየ የወገብ ሕመም ሥር የሰደደ ይባላል። ከእንዲህ ዓይነት በሽተኞች በአብዛኞቹ ላይ «ይህ ነው» ተብሎ የሚጠቆም የአጥንት ወይም የዲስክ ጉዳት አይገኝም። ይህ ማለት ግን ሕመሙ ውሸት ነው ማለት አይደለም። የመጀመሪያው ጉዳት ከዳነ በኋላም ነርቭና አንጎል ሕመሙን መስማት ላያቆሙ ይችላሉ። ሰውየው ሕመሙን ፈርቶ ይተኛል፤ በተኛ ቁጥር የጀርባውና የሆዱ ጡንቻ ይዝላል፤ ጡንቻው ሲዝል ትንሽ ሥራ ታሳምመዋለች፤ እንደገና ይተኛል። አንድ ክረምት ሙሉ ሳይጠመድ የቆየ በሬ የመጀመሪያውን ትልም ሲያወጣ እንዴት እንደሚሆን ገበሬ ያውቀዋል። በሬው ታሟል ተብሎ አይታረድም፤ በጥቂት በጥቂቱ ይለማመዳል እንጂ።

የዓለም የጤና ድርጅት በኅዳር ወር 2016 ዓ.ም. ስለዚሁ ሕመም ባወጣው መመሪያ ያስቀመጠው ሐሳብም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ድርጅቱ እንደገለጸው እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 619 ሚሊዮን ሕዝብ፣ ማለትም በዓለም ላይ ከሚኖሩ 13 ሰዎች አንዱ፣ ወገቡን ታሟል። በመመሪያው ከተደገፉት ሕክምናዎች መካከል በሽተኛው ስለ ሕመሙ ጠባይ እንዲረዳ ማስተማር፣ የሰውነት እንቅስቃሴ፣ መታሸት፣ በመርፌ መውጋት ማለትም አኩፓንክቸር እና የአእምሮ ምክር ይገኙበታል። በመርፌ መውጋቱን የቻይና ሐኪሞች በአቃቂ ቃሊቲ በሚገኘው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ሲሠሩበት ቆይተዋል። መመሪያው ካልደገፋቸው ነገሮች መካከል ደግሞ የወገብ ማሰሪያ ቀበቶ፣ ወገብን በክብደት መጎተትና እንደ ትራማዶል ያሉት ከባድ ማስታገሻዎች አሉ። በኢትዮጵያ ገጠር ወገቡን የታመመ ሁሉ በመቀነት ወይም በጠፍር ጥብቅ ብሎ መታሠሩ የተለመደ ስለሆነ ይህን ለማሳመን ጊዜ ሊወስድ ይችላል።

በተለይ በቀድሞ ወታደሮች ላይ የተደረገ ጥናትም አለ። በአሜሪካ ሳን ዲዬጎ 150 የቀድሞ ወታደሮች ዮጋ የሚባለውን ከሕንድ የመጣ የማፍታታትና የአተነፋፈስ ልምምድ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለ12 ሳምንት እንዲሠሩ ተደረገ። ግማሾቹ ወዲያው ሲጀምሩ የቀሩት ቆይተው እንዲጀምሩ ሆነ። በስድስተኛው ወር ሲመረመሩ ቀድመው የጀመሩት ሥራ የመሥራት ችሎታቸው ከሌሎቹ የተሻለ፣ ሕመማቸውም የቀለለ ሆኖ ተገኘ። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። የዮጋ ስም እንግዳ ይመስል እንደሆነ እንጂ ጎንበስ ቀና ማለቱ ለሚሰግድ ሰው አዲስ ነገር አይደለም።

ከዚህም የቀለለ አለ፤ በእግር መሄድ። በአውስትራሊያ የወገብ ሕመም ለቋቸው የነበሩ 701 ሰዎች በተካፈሉበትና እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣ ጥናት፣ ቀስ በቀስ እየጨመሩ በሳምንት አምስት ቀን እስከ ግማሽ ሰዓት እንዲራመዱ የተደረጉትን ሕመሙ እስኪመለስባቸው በአማካይ 208 ቀን ፈጅቷል። ምንም ያልተደረገላቸውን ግን በ112 ቀን ተመልሶባቸዋል። ገበሬ ድሮም ይራመዳል የሚል ይኖራል። ጤነኛው ይራመዳል፤ ወገቡን የታመመው ግን ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የሚውልበት ቤት ብዙ ነው።

እዚህ ላይ ክኒንና መርፌ ይወገዝ ማለት አይደለም። ሕመሙ ሲበረታ ሐኪም ያዘዘው ማስታገሻ ለጥቂት ቀናት ሰውየውን ከአልጋ ሊያስነሣው ይችላል። ጉዳቱ የሚመጣው በየገበያው ቀን ከከተማ የዲክሎፌናክ መርፌ ተወግቶ መመለስ ልማድ ሲሆን ነው። ይህ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ጨጓራን ሊያደማ፣ ኩላሊትንም ሊጎዳ ይችላል። ትራማዶል ደግሞ ሱስ ያስይዛል። ለመርፌና ለትራንስፖርት የሚወጣውን ገንዘብ በዓመት ቢደምሩት ስንት ኩንታል ማዳበሪያ እንደሚሆን እያንዳንዱ ማኅበር በራሱ ሊያሰላው ይችላል።

ወጌሻ፣ ዋግምትና ፍል ውሃስ? ለስላሳ መታሸትና ሙቀት ጡንቻን ያላላሉ፣ ለጊዜውም ሕመም ያስታግሳሉ። ችግሩ ሰውየው ሶደሬ ወይም ወንዶ ገነት ሰንብቶ ሲመለስ ዳግመኛ የሚተኛ መሆኑ ነው። ሰውነት በላላበት ሰዓት መንቀሳቀስ ካልተጀመረ ጥቅሙ ከውሃው ጋር ይቀራል። ወጌሻውም ቢሆን ምን እንደሆነ ያልታወቀ ወገብን በጉልበት መስበቅና መጠምዘዝ የለበትም።

ምክንያቱም እንቅስቃሴ የማይታዘዝለት የወገብ ሕመም አለ። የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳ በኢትዮጵያ ያለ በሽታ ነው፤ ጀርባን ያጎብጣል፣ ካልታከመም እግርን ሽባ ያደርጋል። ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፈው ብሩሴላም፣ በተለይ ጥሬ ወተት በሚጠጣበት አካባቢ፣ ትኩሳትና የወገብ ሕመም ያመጣል። ስለዚህ ትኩሳት ያለው፣ በላብ የሚጠመቅ፣ ያለምክንያት የከሳ፣ ሌሊት ሌሊት ሕመሙ የሚብስበት፣ ከወደቀ ወይም ከተመታ በኋላ የጀመረው ሰው በመጀመሪያ ጤና ጣቢያ መመርመር አለበት። ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ያቃተው፣ መቀመጫው አካባቢ የደነዘዘው ወይም እግሩ የሰነፈበት ደግሞ ለነገ አይባልም፤ ያን ዕለቱን ሆስፒታል ይሂድ። የወረዳው አምቡላንስ ሊጠራ የሚገባው ለእንዲህ ያለው ነው።

ሌላው በሽተኛ ግን ከጤና ኬላና ከጤና ጣቢያ ሳይነሣ በቀጥታ ልደታ መድረስ የለበትም። የማኅበረሰብ ጤና መድን ያለው ሰው የሪፈር ወረቀት ሳይዝ ከሄደ ድጋፉን ሊያጣ ይችላል። ፊዚዮቴራፒስቶችን ጎንደር ዩኒቨርሲቲም ስለሚያሠለጥን በየክልሉ ሆስፒታል ባለሙያው አለ ወይስ የለም ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል። አዲስ አበባ የደረሰም ቢሆን ሐኪሙን ክኒን ብቻ ከመለመን ይልቅ እንቅስቃሴውን በተግባር እንዲያሳየው ይጠይቅ። በጀርባ ተኝቶ ጉልበትን ወደ ደረት መሳብ፣ ጉልበትን አጥፎ መቀመጫን ከመሬት ማንሣት፣ በአራት እግር ተደፍቶ ጀርባን ማጉበጥና ማቅናት ቁርበት ላይ ሆኖ የሚሠራ ነው፤ ምንም መሣሪያ አይጠይቅም። ሲጀመር ጥቂት ማመሙ ጉዳት ደረሰ ማለት አለመሆኑም ተነግሮት መምጣት አለበት።

ጦርነት ያየ ሰው ሕመሙ በወገቡ ብቻ ላይሆን ይችላል። ሌሊት በቅዠት እየባነነ የሚያድር፣ ጓደኞቹን የቀበረ፣ ሲመለስ ቤቱን ፈርሶ ያገኘ ሰው ሕመሙ ይበረታበታል፤ እንቅልፍ ማጣትና ጭንቀት የሕመምን ስሜት እንደሚያባብሱ በሕክምና የታወቀ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው «ሥራ ጠልቶ ነው» ብሎ በስብሰባ ላይ መዝለፍ ወገቡን መምታት ነው። አንዳንድ መሪዎች ይህን ሲያደርጉ አይታወቃቸውም። በዕድሩና በቡናው እንዲገኝ መጥራት፣ እንቅልፍ ካጣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወደ ጤና ጣቢያ እንድትልከው ማድረግ የሕክምናው ክፍል ነው።

ዋናው የሥራ ድልድል ነው። እስካሁን በብዙ ቦታ ያለው አሠራር ሁለት ብቻ ነው፤ ወይ ሰውየው እንደ ጤነኛ ዶማ ይዞ ይወጣል፣ ወይ ደግሞ አይችልም ተብሎ ከመዝገብ ይወጣል። ሁለቱም ይጎዱታል። የመጀመሪያው በሁለተኛው ቀን ያስተኛዋል። ሁለተኛው ደግሞ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቶ የምርቱን ግማሽ ብቻ እንዲያገኝ፣ ውሎ አድሮም የእጁ ልማድ እንዲጠፋ ያደርገዋል። አንዱን ከከባድ ሥራ ካሳረፍን ሌላውም ወገቤን ይላል የሚለው የመሪዎች ሥጋት መሠረት የሌለው አይደለም። ነገር ግን የሚጠየቀው ዕረፍት ሳይሆን እየጨመረ የሚሄድ ሥራ ነው፤ በየሳምንቱ ጭነቱ የሚጨምርበትን ተራ ደግሞ ሰነፍ አይመርጠውም።

በበጋው የተፋሰስ ዘመቻ ላይ እንዲህ ሊደረግ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሰውየው የእርከኑን መስመር በገመድና በካስማ ይለካ፣ ሠራተኛ ይቁጠር፤ ሥራው በእግር መሄድ ነው። በሦስተኛውና በአራተኛው ትናንሽ ድንጋይ ያቀብል፤ ድንጋዩን ሲያነሣ ከጉልበቱ ይጠፍ፣ ወደ ሰውነቱ ያስጠጋው፣ ተሸክሞም አይጠማዘዝ። ከዚያ በኋላ እጀታው ረዘም ባለ ዶማ ግማሽ ቀን ይቆፍር። በየሰዓቱ ለጥቂት ደቂቃ ቀና ብሎ ወገቡን ያፍታታ፤ ይህ ለጤነኛውም አይከፋም። አንድ ቀን ቢብስበት ወደ ቀደመው ሳምንት ሥራ ይመለስ እንጂ ቤት አይግባ። ሴፍቲ ኔት ባለባቸው ወረዳዎችም በሕመም ምክንያት በጊዜያዊነት ቀጥታ ድጋፍ የተሰጠው ሰው መቼ ወደ ሥራ እንደሚመለስ ቀኑ አብሮ መጻፍ አለበት። በደቦና በወንፈልም እንደዚሁ ነው፤ የአጨዳው ተራ ቢያቅተው ነዶ በማሰር ወይም በመውቃት ይክፈል።

አሥራ ሁለት ሳምንት ሲሞላ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ባለችበት ይታይ፤ ስንት ሰዓት እንደሠራ፣ ስንት ሌሊት እንደተኛ ይጠየቅ። ለውጥ ካለ ለበልግ ወይም ለክረምት እርሻ በመጀመሪያ ከጎረቤት ጋር እየተፈራረቀ፣ ኋላም ብቻውን ያርሳል። ለውጥ ከሌለ ያ መዝገብ ከሪፈር ወረቀቱ ጋር ታስሮ ወደ ሆስፒታል ይሂድ፤ ሐኪሙም ሰውየውን ከባዶ ከመጀመር ይድናል።