ልጆቻችንን የት እናውላቸው?



ሰኔ አልቆ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፥ ደግሞም በየሰንበቱ ከቅዳሴ በኋላ፥ በየቤቱ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም «ልጆቹን ዛሬ የት እናውላቸው?» የሚለው ነው። በቀደመው ዘመን ይህን የሚጠይቅ ወላጅ ጥቂት ነበር። ግቢ ነበረና፥ ሜዳም ነበረና፥ ጎረቤትም የሌላውን ልጅ እንደ ራሱ ልጅ ይጠብቅ ነበርና። ዛሬ ግን በኪራይ ቤት የሚያድገው ልጅ ኳስ ይዞ ሲወጣ «የሰው ግቢ አትረብሽ» ይባላል፤ በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖረውም በደረጃው ላይ ሲሮጥ «ጆሮአችንን አደነቆርኸው» ይባላል፤ መንገዱ ደግሞ የመኪና ነው። እንግዲህ ለልጁ የሚቀርለት ምንድን ነው? ስልክና ቴሌቪዥን ብቻ ነው።

ነገሩ የቅንጦት ነገር አይዶለም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚመክረው ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በየቀኑ በአማካይ 60 ደቂቃ ያህል ልቡ እስኪመታ ድረስ መንቀሳቀስ ይገባዋል፤ የ3 እና የ4 ዓመት ሕፃናት ደግሞ ቀኑን ሙሉ ተከፋፍሎ 180 ደቂቃ ያህል ሊንቀሳቀሱ ይገባል። ፀሐይ በማይጠፋበት አገራችን እንኳ ከቤት ሳይወጡ ተጠቅልለው በሚያድጉ ሕፃናት ላይ ሪኬትስ የሚባለው የአጥንት መልፈስፈስ በሽታ ይታያል። ምክሩ «በየቀኑ» እንጂ «በየበዓሉ» እንደማይል አንባቢ ልብ ይበልልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

ስለዚህ በዚህ ወር በየካ ክፍለ ከተማና በእንጦጦ ተራሮች ያሉትን፥ እንዲሁም ለየካ ነዋሪ የማይርቁትን የልጆች መዋያዎች በተርታ ልናቀርብ አሰብን። ደረጃ የሰጠነው በውበታቸው ወይም በወጣባቸው ገንዘብ መጠን አይዶለም። እናት ተቀምጣ ልጅዋን ከዐይኗ ሳታርቅ ልትጠብቀው ትችላለችን? ልጁ አፈርና ሣር ይነካልን? ውሃና መጸዳጃ ቤት ይገኛልን? ከሁሉም በላይ ደግሞ ሦስት ወይም አራት ልጆች ያሉት ቤተሰብ ኪሱ ሳይራቆት በወር ስንት ጊዜ ሊመላለስበት ይችላል? በዚህ በመጨረሻው ጥያቄ ምክንያት ተርታው አንዳንድ አንባቢ ከሚጠብቀው የተለየ መሆኑ አይቀርም።

በአምስተኛው ስፍራ ያስቀመጥነው በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ያለውንና በ2012 ዓ.ም. መስከረም ለሕዝብ የተከፈተውን አንድነት ፓርክን ነው። ይህን ስንል የሚቆጡን አይጠፉም፤ በእርግጥም የግብር አዳራሹን፥ የዙፋኑን ክፍልና ጥቁር ጎፈር ያላቸውን አንበሶች ያላየ የአዲስ አበባ ልጅ ሊኖር አይገባም። ዳሩ ግን ስፍራው የማየት እንጂ የመጫወት ስፍራ አይዶለም። መግቢያው ይከፈልበታል፤ ልጁም «አትንካ፥ አትሩጥ» እየተባለ ነው የሚዞረው። ታሪክ የሚገባው ዕድሜ ሲደርስ በዓመት አንድ ጊዜ መውሰድ በቂ ነው፤ ከመሄድም በፊት አባት ስለ አድዋና ስለ ምኒልክ ማታ ማታ ቢያወራለት ጉብኝቱ እጥፍ ይጠቅመዋል።

ከቤተ መንግሥቱ በታች በ2012 ዓ.ም. በጳጉሜን የተመረቀው የወዳጅነት ፓርክ አራተኛ ነው። ሰው ሠራሽ ኩሬው፥ ፏፏቴውና ሰፊው ሣር ለዐይን ያማረ ነው፤ ለጋሪ የሚመች መንገድም ስላለው ሕፃን ላላቸው እናቶች ይስማማል። ኩሬ ባለበት ግን ጠባቂ እጁን ኪሱ ከትቶ አይቆምም። በበዓል ቀን ሕዝቡ ስለሚበዛ ልጅ እንዳይጠፋ ስሙንና የወላጁን ስልክ በወረቀት ጽፎ በኪሱ መክተት መልካም ነው።

ሦስተኛው መናፈሻ ተብሎ የተሠራ አይዶለም፤ መንገድ ነው። በ2016 ዓ.ም. ከተጀመረው የኮሪደር ልማት ወዲህ ከአራት ኪሎ በቀበና በኩል ወደ መገናኛ በሚወስደው መንገድ የእግረኛው መሄጃ ሰፍቷል፤ መቀመጫ፥ የብስክሌት መስመርና አትክልት ተጨምሮበታል፤ ማታም መብራት አለው። ከሥራ የተመለሰ አባት እራት እስኪደርስ ልጁን ይዞ ሊንሸራሸርበት መቻሉ፥ ያውም ያለ አንዳች ክፍያ፥ ትልቅ ነገር ነው። ጉድለቱ ከመኪናው ጢስና ድምፅ አለመራቁ ነው፤ ኳስ አምልጣ መንገድ የምትገባበት ስፍራ ስለሆነም ኳሱ ቤት ይቅር። ደግሞም ለዚህ ሥራ ሲባል ከመሀል ከተማ ተነሥተው ወደ ዳር የሄዱ ቤተሰቦች እንዳሉ አንረሳም። የነዚያ ልጆች የቀድሞ መጫወቻ ጠባቡ የሠፈር መንገድና የጎረቤት ደጃፍ ነበረ፤ በአዲሱ ሠፈራቸው በምትኩ ምን አገኙ የሚለውን ጥያቄ ወደ መጨረሻው እናቆየዋለን።

ወደ እንጦጦ እንውጣ። ተራራው ለልጆቻችን ከማንኛውም መናፈሻ በፊት የታሪክ ትምህርት ቤት ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡት በእንጦጦ ማርያም ነው፤ የኖሩበትም የጭቃና የእንጨት ቤት ዛሬም በዚያው ይታያል። ልጆች ያን ዝቅተኛ ቤት ሲያዩ «ንጉሥ እዚህ ያድር ነበርን?» ብለው ይደነቃሉ፤ መደነቃቸውም ከመጽሐፍ ገጽ ይልቅ ያስተምራቸዋል። ከተማው ከዚያ ከፍታ ወደ ፍል ውሃ ሜዳ የወረደው ብርዱ ስለ ከፋና እንጨትም ስለ ጠፋ መሆኑን ሲሰሙ ደግሞ በዙሪያቸው የቆመው ባሕር ዛፍ ከሩቅ አገር መጥቶ ለምን እንደ ተተከለ ያስተውላሉ።

በዚሁ ተራራ ላይ 1,300 ሄክታር ያህል የሚሸፍነው የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. በመስከረም መጨረሻ ተከፍቷል። የልጆች መጫወቻ፥ የፈረስ ግልቢያ፥ የብስክሌት መንገድ፥ በገመድ ተንጠልጥሎ የሚሻገሩበት፥ ትንንሽ መኪና የሚነዱበትም አለው። እነዚህ ሁሉ በየራሳቸው ዋጋ ስለሚከፈልባቸው አራት ልጅ ይዞ የሄደ አባት በሁለተኛው ጨዋታ ላይ ፊቱ መለዋወጡ አይቀርም። እኛ የምንመክረው ሌላ ነው። ጨዋታው በክፍያ የሆነውን ለአንድ ልዩ ቀን፥ ለምሳሌ ልጁ ፈተናውን ላለፈበት ቀን፥ አቆዩት፤ በቀረው ጊዜ ግን ዳቦውን፥ ቆሎውንና ውሃውን ቋጥራችሁ ወደ ዛፉ ሥር ግቡ። ልጆች የባሕር ዛፍን ልጥ፥ ፍሬውንና ቅርንጫፉን አግኝተው ጎጆ ሲሠሩ ሁለት ሰዓት ያልፋል፥ አንድም ሳንቲም አይወጣም። ድብብቆሽ የተፈጠረው ለእንዲህ ያለ ስፍራ ይመስላል።

ስለ እንጦጦ ወላጅ ሊያውቀው የሚገባ አንዳንድ ነገር አለ። የተራራው ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ያህል ነው፤ የከተማው መካከል ግን ወደ 2,400 ገደማ ነው። አየር በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀዘቅዝ፥ ከታች በሙቀት የወጣ ልጅ ከላይ ሲደርስ ይንዘፈዘፋል፤ ስለዚህ ፀሐይ ብትወጣም ሹራብ ይያዝለት። ብርዱ ግን ፀሐዩን አያበርደውምና ኮፍያም ያስፈልገዋል። አስም ያለበት ልጅ ወዲያው እንዲሮጥ አይለቀቅ፤ አየሩ ስስ ነውና ጥቂት ይቀመጥ፥ ይለማመደውም። በክረምት ቀዩ ጭቃ፥ በበጋ ደግሞ የደረቀው የባሕር ዛፍ ቅጠል ያንሸራትታል፤ የሚሻለው ጊዜ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ነው፤ አደይ አበባውም ያኔ ነው። ሳይጨልም መውረድ ይገባል፤ ጅቡ የተራራው ነባር ነዋሪ ነውና።

አንድ ነገር ደግሞ ሳንናገር ማለፍ አልፈለግንም። በዚያ መንገድ ላይ ከክብደታቸው የማያንስ የማገዶ ሸክም በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ለብዙ ዓመታት ሲታዩ ኖረዋል። ልጆቻችሁ እንዲህ ያለች እናት ሲያዩ መንገድ እንዲለቁላት፥ «እማማ፥ ያበርታዎ» እንዲሏት አስተምሯቸው። ይህን ያህል በጎ ነገር ስላለውና መንገዱ ቀጥ ያለ ዳገት ሆኖ የታክሲ ወጪ ስለሚያስከትል፥ እንጦጦን በሁለተኛ ደረጃ አስቀምጠነዋል።

ዐሥር ዓመት ካለፋቸው ልጆች ጋር በእግር መውጣት የሚወዱ ደግሞ በየካ ተራራ ላይ ከአለት የተፈለፈለውን የዋሻ ሚካኤልን ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ቢያሳዩአቸው እንወዳለን። ብቻ በቡድን ሆነው፥ መንገዱን ከሚያውቅ ሰው ጋር፥ ከጠዋት ይሂዱ። ለትንንሾቹ ግን አይሆንም፤ ስለዚህም ከተርታው አላገባነውም። ጃንሜዳንም እንዲሁ ትተነዋል። በገና ሩር የሚመታበት፥ በጥምቀት ታቦታት የሚያድሩበት፥ ሯጮቻችን የሚወዳደሩበት ሜዳ መሆኑን እናከብራለን፤ በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ ሲመጣ የአትክልት ገበያ ሆኖ እስከ 2013 ዓ.ም. ድረስ መቆየቱ ግን ሜዳ ምን ያህል በቀላሉ ከልጆች እጅ እንደሚወጣ ያሳየናል። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢን በተመለከተ የጠየቁን እናቶች አሉ። ጽዱና ወይራው ጥላ ይሰጣል፥ ልጁም በዚያ ረጋ ብሎ መቀመጥን ይማራል፤ የኳስ ሜዳ ግን አይዶለም።

አሁን ወደ አንደኛው ደርሰናል፤ አንደኛውም የቤታችሁ ደጃፍ ነው።

አንባቢ «ይህ ምን መናፈሻ ነው?» ይል ይሆናል። እኛም የምንለው፥ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለው የአበው ቃል ለመጫወቻም ይሠራል ነው። እንጦጦ በዓመት አራት ጊዜ፥ ቤተ መንግሥቱ አንድ ጊዜ ነው፤ የልጁ ጉልበት ግን በየቀኑ መውጫ ይፈልጋል። በየኮንዶሚኒየሙ ሕንፃዎች መካከል ለጋራ የተተወ ባዶ መሬት አለ። ቀድሞ የየካ ክፍል በነበረው በየካ አባዶም ሆነ በሌላው ሠፈር ያን መሬት ዞር ብሎ ያየ ሰው የሚያገኘው ምንድን ነው? የቆመ መኪና፥ የግንባታ ፍርስራሽ፥ የተሰጣ ልብስ ነው። ከመሀል ከተማ ተነሥቶ የመጣው ልጅ በምትኩ ያገኘው ይህን ነው፤ ቂም የያዝነውም በዚህ ላይ ነው። አንድ መኪና የሚቆምበት ስፍራ ሰኞ ማክሰኞ ለሚጫወቱ ስድስት ልጆች ይበቃልና።

በሆላንድ አገር በአምስተርዳም ከተማ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አልዶ ቫን ኤይክ የሚባል የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ ነበረ። እርሱ ትልቅ መናፈሻ ይሠራ አላለም። ከ1947 ጀምሮ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፥ በየሠፈሩ ባዶ በቀረው ጥግ፥ ጦርነቱ ቤት ባፈረሰበትም ቦታ ሁሉ፥ አንድ የአሸዋ ጉድጓድ፥ ጥቂት የብረት መንጠልጠያና መቀመጫ እያደረገ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከ700 የሚበልጡ ትንንሽ መጫወቻዎች ነደፈ። አንድም አጥር፥ አንድም የመግቢያ ትኬት ብዙውን ጊዜ አልነበረባቸውም። እናቶች ከመስኮት ሆነው ልጆቻቸውን ያዩ ነበር። ይህ ለድኻ ከተማ የሚከብድ ሥራ ነውን? እኛስ አይመስለንም።

እንግዲህ የነዋሪዎች ማኅበር ስብሰባ በሚደረግበት ቀን፥ ስለ ውሃ ታንከርና ስለ ዘበኛ ደመወዝ ተነጋግራችሁ ከመነሣታችሁ በፊት፥ ስለ ልጆቹም አንድ ቃል ይነሣ። መኪኖቹ ወደ አንድ ወገን ይሰብሰቡ፤ የቀረው በድንጋይ ይከለል፤ ድንጋዩም ኖራ ይቀባ፥ ነጂ ከሩቅ እንዲያየው። ሕመምተኛና አራስ ባለበት ሕንፃ ሥር ኳስ እንዳይመታ ሰዓት ይወሰን፤ ለምሳሌ ከዐሥር ሰዓት እስከ ዐሥራ ሁለት። በሠፈሩ ጡረታ የወጡ አባት ቢኖሩ ወንበር አውጥተው በዚያ ሰዓት ቢቀመጡ፥ ልጆቹን ከሁሉ ይልቅ የሚጠብቁ እርሳቸው ናቸው፤ ገበጣም ያስተምሯቸዋል። አንድ የጭነት መኪና ንጹሕ አሸዋ አዋጥቶ መግዛት ለአንድ ሕንፃ ነዋሪ የሚከብድ አይዶለም፤ ብቻ ድመትና ውሻ እንዳያቆሽሹት ማታ ማታ በሸራ ይሸፈን፥ በክረምትም ውሃ እንዳይተኛበት ከሥሩ ጠጠር ይደረግበት።