ድረ ገጽ ስታሠሩ ቍልፉ በማን እጅ ይሁን?

በአነደድ ወረዳ በአምበር ከተማ የሚኖሩ አንድ ቤተሰብ ጤፍና ማር እያዘጋጁ በአዲስ አበባ ለሚገኙ ደንበኞች የሚልኩ ሲሆኑ፣ ሥራቸውን የሚያስታውቅ ድረ ገጽ ለማሠራት አስበዋል። አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት ከፍ ያለ ዋጋ ጠየቃቸው፤ በደብረ ማርቆስ ተቀምጦ በግሉ የሚሠራ አንድ ወጣት ግን እጅግ ባነሰ ዋጋ እሠራላችኋለሁ አላቸው። ስለዚህ «ያለን ገንዘብ የመኸሩ ገንዘብ ነው፤ ለማን እንስጥ?» ሲሉ ጠይቀውናል። ጥያቄው የብዙ ቤቶች ጥያቄ ስለ ሆነ ለሁሉም ይጠቅም ዘንድ መልሱን በዚህ ዐምድ አቅርበነዋል።

አስቀድሞ መመርመር የሚገባው አስፈላጊነቱ ነው። የፌስቡክ ገጽ ወይም የቴሌግራም ቻናል በሰው ግቢ እንደ ተተከለ ድንኳን ነው፤ ለመትከል ይቀላል፣ ኪራይም አይጠየቅበትም፤ ነገር ግን የግቢው ባለቤት ደንቡን በለወጠ ጊዜ ድንኳኑ ሊነሣ ይችላል። ድረ ገጽ ግን በራስ ስም የቆመ ሱቅ ነው። ደንበኞቻችሁ ጥቂቶችና የምታውቋቸው ከሆኑ ለጊዜው ድንኳኑ ይበቃል። የማያውቋችሁ ሰዎች እንዲያገኟችሁ፣ በውጭ አገር ያሉ ወገኖችም ለቤተሰቦቻቸው ከእናንተ እንዲያዝዙ የምትሹ ከሆነ ግን ሱቁ ያስፈልጋል። ይህ ሳይታሰብ የሚወጣ ገንዘብ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚባለው ዐይነት ይሆናል።

ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። በድርጅት ቤት ሥራውን የሚቀበለው አንድ ሰው፣ መልኩን የሚነድፈው ሌላ፣ ፕሮግራሙን የሚጽፈው ሦስተኛ ነው። የእነዚህ ሁሉ ደመወዝና የቢሮው ኪራይ በዋጋው ውስጥ ይገባል። ይህም በከንቱ የተጨመረ አይደለም፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ አንዱ ቢታመም ሌላው ይተካዋል። ስለዚህ በየቀኑ ብዙ ትእዛዝ ለሚቀበል፣ ክፍያም በገጹ ላይ ለሚያስፈጽም ትልቅ ሥራ ድርጅት ይመረጣል። የምርቱን ዐይነት፣ ፎቶግራፉን፣ ዋጋውንና ስልክ ቍጥሩን ለሚያሳዩ አምስት ወይም ስድስት ገጾች ግን በግሉ የሚሠራ ባለሙያ ይበቃል። ከሁሉም በላይ የምትነጋገሩት ሥራውን በእጁ ከሚሠራው ሰው ጋር ስለ ሆነ፣ የምትሹትን ያለ አማላጅ ትነግሩታላችሁ።

ይህን የመሰለ ውል ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ቀድሞ በጎጃምም ሆነ በሌላው አገር ዳዊት ለማስጻፍ የፈለገ ሰው ቁም ጸሐፊ ይፈልግ ነበር። የእጁን ጽሕፈት ያያል፤ በዋጋው ይስማማል፤ ብራናውና ቀለሙ ይዘጋጃል፤ ከዚያም ሥራው ይጀመራል። መጽሐፉ በተፈጸመ ጊዜ የጸሐፊውና የአስጻፊው ስም በላዩ ሲጻፍ ይታያል። መጽሐፉ ግን በአስጻፊው ቤት ይቀመጣል እንጂ ከጸሐፊው ጋር አይሄድም። የዛሬው ችግር የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው፤ አያሌ ቤተሰቦች ድረ ገጽ አሠርተው ዋጋውን ከከፈሉ በኋላ፣ ገጹ በሠሪው ስም ተመዝግቦ ይቀራል።

ይህ የሚሆነው ሁልጊዜ በክፋት አይደለም። ገጹ የሚቀመጥበት ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ በውጭ አገር ስለ ሆነ ኪራዩ በውጭ ምንዛሪ ይከፈላል። ቤተሰቡ ለዚህ የሚሆን የባንክ ካርድ ስለሌለው ባለሙያው በራሱ ወይም በወዳጁ ካርድ ይከፍላል፤ ምዝገባውም በዚያው ሰው ስም ይሆናል። ከዓመት በኋላ ባለሙያው ወደ ሌላ አገር ቢሄድ፣ ቢታመም ወይም ሥራ ቢለውጥ ኪራዩን የሚያድስ አይገኝም። በግሉ የሚሠራ ሰው ትልቁ ጕድለት አንድ ሰው መሆኑ ነውና።

ስለዚህ ሥራውን ለማንም ብትሰጡ አራት ነገሮች በእጃችሁ ይሁኑ። የመጀመሪያው ስሙ ነው፤ ይኸውም ዶሜይን የሚባለው፣ በዶት ኮም ወይም በአገራችን በዶት ኢቲ የሚያልቀው የገጹ አድራሻ ነው። ይህ ስም በየጊዜው ይታደሳል፤ ሳይታደስ ቀርቶ የእፎይታው ጊዜ ካለፈ ሌላ ሰው ሊወስደው ይችላል። ሁለተኛው ሆስቲንግ የሚባለው የቦታው ኪራይ ነው። ሦስተኛው የይለፍ ቃሉ ነው፤ እርሱም የቤተሰቡ በሆነ ኢሜይልና ስልክ ቍጥር የተያዘ ይሁን። አራተኛው የገጹ ሙሉ ቅጂ ነው፤ ሥራው እንዳለቀ፣ ከዚያም በየጊዜው፣ ቅጂውን ተቀብላችሁ በቤታችሁ አስቀምጡ። ስለ ክፍያውም መላ አይጠፋም፤ ኢትዮ ቴሌኮም የዶሜይንና የሆስቲንግ አገልግሎት በብር ይሸጣል፤ በውጭ አገር ልጅ ወይም ዘመድ ያላችሁም በእርሱ ካርድ፣ በእናንተ ስም እንዲያስመዘግብ ልታደርጉ ትችላላችሁ።

የዚህን ጥቅም ያለፈው ዘመን አስተምሮናል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት በቆየ ጊዜ፣ ድረ ገጽ ማስተካከል ይቅርና መልእክት መላላክም ለብዙዎች አልተቻለም ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ የገጹ ማስቀመጫ በሌላ ስፍራ ከሆነ ገጹ ቆሞ ይቆያል፤ ከቍልፉ አንዱን የያዘ የታመነ ዘመድ በአዲስ አበባ ወይም በውጭ አገር ካለ ደግሞ ለደንበኞቻችሁ ማስታወቂያ ሊጽፍላችሁ ይችላል። ቍልፉ ሁሉ በአንድ ወጣት ኪስ ውስጥ ከሆነ ግን ሥራችሁም ከእርሱ ጋር ይታሰራል።

ባለሙያውን ስትመርጡ ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለውን አስታውሱ፤ ከማዕርጉና ከንግግሩ ይልቅ ሥራውን ተመልከቱ። ከዚህ ቀደም የሠራቸውን ገጾች አድራሻ ጠይቁት፤ ያሠሩትንም ሰዎች በስልክ አነጋግሯቸው። ገጾቹን በርካሽ ስልክ፣ ኔትዎርኩ በደከመበት ሰዓት ከፍታችሁ እዩ፤ ፎቶግራፎቹ እጅግ ከብደው ገጹ አልከፈት ካለ፣ በገጠር ያለ ደንበኛ አያየውም። ፊደላችንንም አትርሱ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት የገባው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1999 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት በነበሩ የፊደል ፕሮግራሞች የተጻፈ ጽሑፍ በሌላ ሰው ስልክ ላይ ትርጕም የሌለው ምልክት ሆኖ ይታያል። እንግዲህ ባለሙያው አማርኛውን በዩኒኮድ እንዲጽፍ አስገድዱት።

ከዚያ በኋላ ውሉን በጽሑፍ አድርጉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከቍጥር 2610 ጀምሮ ስለ ሥራ ውል ሲደነግግ፣ ሠራተኛው የተባለውን ውጤት በራሱ ኀላፊነት ለማስገኘት፣ አሠሪውም ዋጋውን ለመክፈል እንደሚገቡ ያመለክታል። በውሉ ላይ የገጾቹ ብዛት፣ የሚያልቅበት ቀን፣ ከተፈጸመ በኋላ ስሕተት ቢገኝ እስከ ስንት ወር በነጻ እንደሚታረም ይጻፍ። የኮምፒውተር ፕሮግራም በአዋጅ ቍጥር 410/1996 የተጠበቀ የአእምሮ ሥራ ስለ ሆነ፣ የገጹ ባለመብት ማን እንደ ሆነም በግልጽ ይጠቀስ። የደንበኞችን ስምና ስልክ የምትሰበስቡ ከሆነ፣ የግል መረጃን የሚጠብቅ አዋጅ ቍጥር 1321/2016 መውጣቱን ዕወቁ፤ ባለሙያው ይህን መዝገብ ለሌላ እንዳይሰጥም በውሉ ይግባ። ክፍያውን በሦስት ክፈሉት፤ ለምሳሌ ከመቶ ሠላሳውን በመጀመሪያ፣ አርባውን ሥራው በከፊል ሲታይ፣ ቀሪውን ሠላሳ አራቱ ነገሮች በእጃችሁ ሲገቡ ስጡ። በባንክ ወይም በቴሌብር ብትከፍሉ ማስረጃው ይቀራል።

በመጨረሻ ስለ ሠራተኛው ወገን አንድ ነገር እንጨምር። ወጣቱ የአገር ልጅ ወይም የጎረቤት ልጅ በሆነ ጊዜ «የእኛ ልጅ ነው» እያሉ ከውሉ ውጭ ሥራ መጨመር፣ ዛሬ ይህን ለውጥ ነገ ያን ለውጥ እያሉ ማድከም፣ ዋጋውንም ለመጪው መኸር ማሳደር ልማድ ሆኗል። ይህ አግባብ አይደለም። ለግንበኛ የቀን ዋጋው እንደሚከፈል ሁሉ፣ ተቀምጦ በአእምሮው የሚሠራውም ደክሟል። ተጨማሪ ሥራ ተጨማሪ ዋጋ አለው፤ እንደ ባዳ ተዋውሎ እንደ ዘመድ መከባበር ፍቅርንም ሥራንም ይጠብቃል።

እንግዲህ ለአምበሩ ቤተሰብ መልሳችን ይህ ነው፤ የሠራው ሥራ ተመርምሮ መልካም ከሆነ፣ ውሉም ከተጻፈ፣ ለሥራችሁ መጠን ያ ወጣት ይበቃል። ከድርጅቱ ጋር ያለውን የዋጋ ልዩነትም ሁሉንም አታጥፉት፤ ከፊሉን ለሚቀጥሉት ዓመታት የስምና የቦታ ኪራይ አስቀምጡት። የይለፍ ቃሉንም በወረቀት ጽፋችሁ የቤቱ ሰነድ በሚቀመጥበት ሣጥን አኑሩት፤ ከቤተሰቡም ቢያንስ ሁለት ሰዎች ይወቁት።